የቃር መድኃኒቶች በሚዛን፦ በሩን የሚነካው የትኛው ነው?

መድኃኒት ቤት ገብቶ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ላለ ሰው ከመደርደሪያው የሚወርድለት ዓይነት በጣት ይቆጠራል፦ ኦሜፕራዞል፣ ነጩ የፀረ አሲድ ሽሮፕ፣ ሲሜቲዲን ወይም ፋሞቲዲን፣ አንዳንዴም ፕላሲል። ከውጭ የሚልክ ዘመድ ካለ ጋቪስኮን ይጨመራል። ሁሉም በደምሳሳው «የጨጓራ መድኃኒት» ይባላሉ። ቃር ግን አብዛኛውን ጊዜ የበር በሽታ ነው። ጨጓራ አሲድ ማመንጨቱ ሥራው ነው፤ ጥፋቱ አሲዱ ከቤቱ ወጥቶ የምግብ ቧንቧ ውስጥ መገኘቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ሁሉም የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ በሩ ላይ ምን ይሠራሉ? መልሱን አስቀድሞ ለመናገር፣ አብዛኞቹ በሩን አይነኩትም። አይጠቅሙም ማለት አይደለም። ከየትኛው ምን እንደሚጠበቅ ያላወቀ ሰው ግን ወራት ሙሉ የተሳሳተውን ዕቃ ሲገዛ ይከርማል።

በሩ የሚገኘው ከፊት ጥርስ ወደ ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው። አንድ ነገር ብቻም አይደለም። መጀመሪያ የቧንቧው የታችኛው ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የቀለበት ጡንቻ አለ። ሌላው ጡንቻ ሁሉ ሲያርፍ ይህ ግን ጠብቆ ይቆያል፤ ግፊቱ በእረፍት ጊዜ ከጨጓራው በ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይበልጣል። በውጭ በኩል ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ቧንቧውን እንደ መቀስ ይዞታል፤ አየር በሳብን፣ ባሳልን፣ ከባድ ነገር ባነሳን ቁጥር ይጨምቀዋል። የጨጓራው ጉልላት ከቧንቧው ጋር የሚፈጥረው ሹል ማዕዘንም ከውስጥ እንደ መጋረጃ ይደረባል፤ ጨጓራ ሲሞላ መጋረጃው ቧንቧው ላይ ይለጠፋል። እነዚህን አንድ ላይ ያሰረው ቧንቧውን ከድያፍራም ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ጅማት ነው። ጅማቱ በዕድሜና በግፊት ሲላላ ድርድሩ ሁሉ ይፈርሳል።

እዚያው ላይ የውስጡ ሽፋን ይለወጣል። ከላይ ያለው ነጣ ያለ፣ እንደ ቆዳ የተደራረበ ነው፤ የደረቀ ዳቦ ፍትጊያ ይችላል፣ አሲድ ግን አይችልም። ከታች ያለው ቀላ ያለ፣ ራሱን በንፍጥ የሚሸፍን ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ወጣ ገባ የጥርስ ቅርጽ ስላለው ዜድ መስመር ይባላል። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ ምርመራ፣ የሠራ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ምልክት እሱ ነው።

በሩ የሚከዳባቸው መንገዶች ይለያያሉ፣ መድኃኒቱም አብሮ ይለያያል። ብዙ ሰው «ክዳኑ ላልቶ ነው» ይላል። አብዛኛው ተመላሽ አሲድ ግን የሚወጣው በጤነኛ ጡንቻ በኩል፣ ጡንቻው ያለ መዋጥ ከ10 ሰከንድ በላይ በራሱ ሲፈታ ነው። ይህ የማግሳት ስልት ነው፤ ጨጓራ በምግብና በአየር ሲወጠር አየሩ እንዲወጣ ነርቭ በሩን ይከፍታል። አየር ብቻ ከወጣ ግሳት፣ አሲድ ከተከተለው ቃር ይሆናል። ሌላው ሀያታል ኸርኒያ ነው፦ የጨጓራው አናት በድያፍራሙ ቀዳዳ ወደ ደረት ሾልኮ ይወጣና የቀለበት ጡንቻውና ድያፍራሙ ይለያያሉ። አንድ ላይ ሲጨምቁ የነበሩ ሁለት እጆች አሁን በተለያየ ቦታ ይጨምቃሉ፣ በመካከላቸውም አሲድ የሚጠራቀምበት ኪስ ይፈጠራል። የሆድ ስብ፣ እርግዝና፣ ከምግብ በኋላ ጠብቆ የታሰረ ቀበቶ ወይም መቀነት ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይገፋሉ። የበርበሬ ማቃጠል ከዚህ ይለያል፤ ሙቀትን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎችን ስለሚቀሰቅስ የቆሰለ ቧንቧን ያሳምማል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። በብዛት ከሚሸጠውና በብዛት በስህተት ከሚዋጠው እንጀምር።

ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ጥሩ መድኃኒት ነው። ሲሳሳቱበት ግን ከንቱ ይሆናል። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብ ቅንጣቶች አሲድ እንዳያበላሻቸው ተለብጠዋል። ሳይፈቱ ጨጓራን አልፈው ትንሹ አንጀት ውስጥ ይፈታሉ፣ በደም ዞረው ወደ ጨጓራ ግድግዳ ይመለሳሉ፣ እዚያም አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች ለዘለቄታው ይዘጋሉ። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። መድኃኒቱ የሚዘጋው በዚያ ሰዓት የሚሠራውን ፓምፕ ብቻ ነው፤ ፓምፑን የሚያስነሳው ደግሞ ምግብ ነው። ደም ውስጥ የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው፤ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት የተወሰደ እንክብል ፓምፖቹ ሲነሱ ይደርስባቸዋል። ከራት በኋላ ወይም ሊተኙ ሲሉ የተወሰደው ግን ፓምፖቹ ተኝተው ሳለ መጥቶ ይሄዳል። «ኦሜፕራዞል አልሠራልኝም» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚውጥበት ሰዓት ነው፣ መጠኑን መጨመር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሲያቃጥል ብቻ አንድ መዋጥም ጥቅሙ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን የተወሰኑትን ፓምፖች ብቻ ስለሚይዝ ሙሉ ጉልበቱ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ነው።

በጾም ወቅት ሰዓቱ ይዛባል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆድ ቢወስደው ምግብ እስኪገባ መድኃኒቱ አልቋል። ጾሙን በውሃና በካፕሱሉ ይፍታ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይብላ። በረመዳንም እንዲሁ፦ መግሪብ ላይ በውሃ ይዋጥ፣ ከሶላት በኋላ ይበላ። ቴምሩን ከካፕሱሉ ጋር አብሮ መጉረስ የተጠበቀውን ግማሽ ሰዓት ያጠፋል። ሱሁርን ከመንጋቱ በፊት በልተው ወዲያው የሚጋደሙ ሰዎች ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢወስዱም ይቃጠላሉ፤ የእነሱ ችግር ሙሉ ሆድ ይዞ መተኛቱ ነው።

ካፕሱሉን መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ከፍቶ ቅንጣቶቹን በጥቂት የብርቱካን ጭማቂ ወይም በውሃ አድርጎ ሳያኝክ ይዋጣቸው። በወተት አይሆንም፤ ወተት አሲድነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ልባጩን ቀድሞ ይፈታዋል። አኝኮ ወይም ፈጭቶ መውሰድ መድኃኒቱን ለጨጓራ አሲድ አሳልፎ መስጠት ነው። የጥራት ምርመራም እዚሁ ይቻላል። አንዱን ካፕሱል ነጭ ወረቀት ላይ ይክፈቱት፤ ቅንጣቶቹ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደሉ፣ ለየብቻ የሚንከባለሉ መሆን አለባቸው። ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካወጡ፣ ተጣብቀው ከተገኙ እርጥበት ገብቷቸዋል፣ መድኃኒቱም ተበላሽቷል። በሙቀትና በወበቅ አገር ብልቃጡን ሳይከድኑ መተው፣ ከማብሰያው በላይ ያለ መደርደሪያ ላይ ማኖር የተለመዱ ስህተቶች ናቸው።

ውጤቱስ? በአሲድ የቆሰለ የምግብ ቧንቧ 8 ሳምንት በሥርዓት ሲወሰድ ከአሥር ሰው ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ ይድናል። ማቃጠሉም ይበርዳል። በሩ ግን እንደነበረ ነው። በመሣሪያ ሲለካ ወደ ላይ የሚመለሰው ፈሳሽ ቁጥር አይቀንስም፤ የሚለወጠው አሲድ የነበረው ወደ ደካማ አሲድ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋና ችግሩ ጎንበስ ሲል ወይም ሲተኛ ምግብና ፈሳሽ ወደ አፉ መመለሱ የሆነ ሰው በኦሜፕራዞል ያዝናል። መጠኑን እጥፍ ሲያደርግ ደግሞ ያዘነውን ይደግማል። ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ራቤፕራዞል የሚባሉት ዘመዶቹም በዚህ ነጥብ አንድ ናቸው፤ በዋጋ ልዩነታቸው ልክ የሚበልጡት ነገር የለም። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ክሎፒዶግሬል ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ግን ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ሥራ ስለሚያዳክሙ ፓንቶፕራዞል ይመረጣል።

ስለማቆም አንድ የማይነገር ነገር አለ። ዴንማርክ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቃር የሌለባቸው 120 ጤነኞች በሁለት ተከፈሉ፣ ግማሾቹ 8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ወሰዱ። መድኃኒቱ በቆመ በሳምንታት ውስጥ ከወሰዱት 44 በመቶው እንደ ቃር ያለ የአሲድ ስሜት መጣባቸው፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ። ጨጓራ አሲዱ ሲታፈንበት ፓምፕ የሚያስነሳውን ሆርሞን ያበዛል፤ መከልከያው ሲነሳ ለተወሰነ ጊዜ ከቀድሞው በላይ ያመነጫል። «ካለሱ መኖር አልችልም» የሚሉ ብዙዎች የሚያዩት ይህንን ነው። ቀን በቀን ይወሰድ የነበረውን በየሁለት ቀኑ እያደረጉ፣ በመካከሉ በሽሮፕ እያስታገሱ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ ያሻግራል። ከባድ ቁስለት ወይም ባሬት የሚባለው የሽፋን ለውጥ የተገኘበት፣ እንዲሁም አስፕሪን ጨጓራውን እንዳይጎዳው የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ ማቆም የለበትም። ዓመታት ለሚወስዱት ማግኒዚየምና ቫይታሚን ቢ12 መለካት ተገቢ ነው። ሪልፒቪሪን ከያዘ የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይወሰድም።

እግረ መንገድ ኤች ፓይሎሪ ስለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ማጥፊያ ጥቅል። ለቃር ብሎ የሰገራ ምርመራ አድርጎ «ባክቴሪያ አለብህ» ተብሎ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የተሰጠው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ባክቴሪያው የጨጓራና የዱዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ቁስለት ዋና መንስኤ ስለሆነ መታከሙ ተገቢ ነው። በሩን ግን አይከፍትም፣ ሲጠፋም በሩ አይዘጋም። ጥቅሉ ውስጥ ኦሜፕራዞል ስላለ ቃሩ ለ10 ወይም ለ14 ቀን ይጠፋል፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ይመለሳል፣ ሰውየውም «ባክቴሪያው ተመለሰብኝ» ብሎ ሌላ ጥቅል ይገዛል። መጥፋቱን ለማረጋገጥ ምርመራው መደገም ያለበት ኦሜፕራዞል ቢያንስ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ከቆመ በኋላ ነው። ያለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ጋቪስኮን በሚዛናችን ላይ ልዩ ቦታ ያገኛል፤ ከመደርደሪያው ሁሉ በሩ አጠገብ የሚሠራው እሱ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የግላስጎው ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከምግብ በኋላ ከመጋጠሚያው ሥር በምግብ ያልተበረዘ አዲስ አሲድ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ የአሲድ ኪስ ይሉታል። ሌላው ጨጓራ ምግብ ለብሶ አሲዱ ሲረግብ ኪሱ እንደ ጠዋት ባዶ ሆድ ይቃጠላል። በሩ ሲፈታ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። በጋቪስኮን ውስጥ ያለው አልጂኔት ከባሕር አልጌ የሚወጣ ሲሆን አሲድ ሲነካው እንደ ሙጫ ይረጋል። አብሮት ያለው ባይካርቦኔት የሚፈጥረው ጋዝ ሙጫውን አየር ያስይዘውና እንደ አረፋ ምግቡ ላይ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ የሚወሰደው ከምግብ በኋላና ሊተኙ ሲሉ ነው፤ ምግብ በሌለበት ጨጓራ የሚንሳፈፍበት ስለሌለው ቶሎ ያልፋል። ከዋጡ በኋላ ውሃ መከለስም ጥቅሙን ያበላሻል።

ግን መለያውን ያንብቡ። ብሪታንያ የሚሸጠው መደበኛ ፈሳሽ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ሶዲየም አልጂኔት አለው፤ «አድቫንስ» የሚባለው ደግሞ በዚያው መጠን 1000 ሚሊ ግራም ስላለው 5 ሚሊ ሊትሩ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ስም የሚሸጠው ግን ዋና ንጥረ ነገሮቹ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዚየም ካርቦኔት ናቸው፤ አልጂኔቱ የሰፈረው ከማጣፈጫዎቹ ጋር ነው። ከዋሺንግተን ዘመድ የላከው ብልቃጥና ከለንደን የመጣው ስማቸው አንድ ቢሆንም አንድ ዕቃ አይደሉም። የአሜሪካው ከመርካቶ ሽሮፕ ብዙ የሚለይበት ነገር የለውምና ለጭነቱ መክፈል አያስፈልግም። ሌላ ጉድለትም አለ፦ የብሪታንያው መደበኛ ፈሳሽ 20 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ ቢወሰድ ወደ 1.1 ግራም ሶዲየም ይጨምራል። ደም ግፊት ወይም የልብ ድካም ላለበት ይህ ቀላል አይደለም። ለነፍሰ ጡር ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በቀዳሚነት የሚመረጥ ነው። የቆሰለ ቧንቧን ብቻውን ያድናል ብሎ መጠበቅ ግን ስህተት ነው።

ነጩ ሽሮፕ፣ ማለትም አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። በደቂቃዎች ይደርሳል፣ ቶሎም ይሄዳል። በባዶ ሆድ ከወሰዱት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከወሰዱት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይዘልቃል። ሳይንጡት ከጠጡ ከላይ ውሃውን ጠጥተው መድኃኒቱን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት ማለት ነው። የሚታኘከው ዓይነት በደንብ ካልታኘከ ድንጋይ እንደመዋጥ ነው። ማግኒዚየሙ ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየሙ ያደርቃል፤ አምራቾች ሁለቱን የሚያጣምሩት ለዚህ ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው አይውሰደው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ሌሎች መድኃኒቶችን አንቆ የሚይዝ መሆኑ ነው። ዶሉቴግራቪር የያዘ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ከሽሮፑ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይዋጥ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ዶክሲሳይክሊንና የብረት እንክብልም መራራቅ አለባቸው። ይህ መልእክት በሽሮፑ ብልቃጥ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት።

ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን ባጭሩ፦ ፋሞቲዲን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይሠራል፤ ለሌሊት ቃር ይረዳል፣ በየቀኑ ከተወሰደ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰውነት ይለምደዋል። ሲሜቲዲን አሮጌው ነው፤ የዋርፋሪንን (የደም ማቅጠኛ)፣ የፌኒቶይንንና (የሚጥል በሽታ) የቲዮፊሊንን (የአስም) መጠን በደም ውስጥ ስለሚያንር፣ ወንዶችንም ጡት ሊያሳብጥ ስለሚችል ፋሞቲዲን ካለ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ራኒቲዲን ተረስቶ ከቤት መሳቢያ ውስጥ ካለ ይጣል፤ በውስጡ ኤንዲኤምኤ የተባለ ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል ንጥረ ነገር ስለሚፈጠር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል።

ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ በሩን ያጠብቃል ተብሎ ይታዘዛል። በወረቀት ላይ የቀለበት ጡንቻውን ግፊት ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ በቃር ላይ ግን ጥቅሙ ከጉዳቱ አይበልጥም። ወጣቶች ላይ አንገትና ዓይን የሚጠመዝዝ የጡንቻ መኮማተር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያመጣ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ደግሞ ፊትና ምላስን ያለፈቃድ የሚያንቀሳቅስ፣ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ላይለቅ የሚችል ችግር ሊያስከትል ይችላል። የፕላሲል ዘመድ የሆነው ዶምፔሪዶን ከነርቭ ይልቅ ልብን ይነካል፤ የልብ ምት ሥርዓትን ስለሚያዛባ የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ ብቻ፣ ከአንድ ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ወስኖታል። ለቃር ሁለቱንም መደርደሪያው ላይ ይተዉአቸው።

ተልባና አብሽ ይነሳሉ መቼም። የተልባ ውሃ ያለው ዝልግልግ ነገር ቧንቧውን አልብሶ ያለዝባል፤ ስሜቱን ማብረዱ እውነት ነው። ከዝልግልጉ ያለፈ አይጠበቅበት። ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ግን ደረቅ ዱቄቱን አይቃም፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል።

በዋጋው ሲታይ መደርደሪያውን ሁሉ የሚያስከነዳው ዕቃ መድኃኒት ቤት አይሸጥም፦ በአልጋው ራስጌ በኩል ካሉት ሁለት እግሮች ሥር የሚገቡ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ድፍን እንጨቶች። ብሎኬት ከሆነ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዳይሆን፤ ሌሊት እግሩ ገብቶ አልጋውን ያዘምማል። ሲተኙ በሩ ከጨጓራው ከፍ ስለሚል፣ ተፈትቶ እንኳ ቢሆን አሲዱ በራሱ ክብደት ይመለሳል። ትራስ መደራረብ ይህን አይተካም፣ እንዲያውም ወገብን አጥፎ ሆድን ይጨምቃል። በግራ ጎን መተኛትም በነጻ የሚገኝ መድኃኒት ነው፤ ጨጓራው ወደ ግራ ስለሚንጠለጠል በሩ ከአሲዱ በላይ ይቀራል፣ በቀኝ ጎን ሲተኙ ግን አሲዱ በሩ ላይ ይቆማል። በራትና በእንቅልፍ መካከል 3 ሰዓት ከተጨመረበት፣ በሌሊት ብቻ የሚቃጠል ሰው ከመድኃኒት ሊያርፍ ይችላል።

ከዚህ ወዲያ መደርደሪያውን ትቶ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ማነው? ምግብ ደረቱ ላይ የሚቆምበት፣ ሲውጥ የሚያመው፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ደም ያስመለሰ ወይም ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ያየ ሰው ነው። ዳገት ሲወጣ የሚመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብ ጋር የሆነ የደረት ስሜት ደግሞ ቃር ነው ብሎ ሽሮፕ መጠጣት አይገባም፤ ልብ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። የመዋጥ ችግር አመጣጡ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ እንጀራና ሥጋ፣ ከሳምንታት በኋላ ገንፎ፣ ከዚያ ውሃ እየከለከለ የሚሄድ ከሆነ ቧንቧው እየጠበበ ነው፣ ካንሰርም ይጠረጠራል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት በሚታይበት በአርሲና በባሌ ይህ ምልክት ለአንድ ሳምንት እንኳ በኦሜፕራዞል መሸፈን የለበትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ምግብም ውሃም እኩል የሚከለክል፣ ሌሊት ያልተፈጨ ምግብ ትራስ ላይ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ አካሌዢያ ሊሆን ይችላል፦ ቃር በሩ በመከፈቱ ሲሆን ይህ በሩ አልከፈት በማለቱ ነው። ጡንቻውን የሚፈቱት ነርቮች ሞተዋል። የቆመው ምግብ ሲቦካ ስለሚያቃጥል ከቃር ጋር ይምታታል፣ ሰውም ዓመታት በፀረ አሲድ ይጉላላል። ባሪየም ጠጥቶ በሚነሳ ራጅ የቧንቧው ጫፍ እንደ ወፍ ምንቃር ሹል ሆኖ ይታያል። ሕክምናው ከ30 ሚሊ ሜትር የሚጀምር ፊኛ በሩ ውስጥ ነፍቶ ጡንቻውን መበጠስ፣ ወይም ኧርነስት ሄለር በ1913 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው።

በመጨረሻ ኢንዶስኮፒ የተነሳ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል። «መለስተኛ የጨጓራ ብግነት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበት ሪፖርት ስለ በሩ ምንም አይነግርም። መፈለግ ያለባቸው ቁጥሮች አሉ። ዜድ መስመሩ በስንት ሳንቲ ሜትር፣ የድያፍራሙ መጨመቂያ በስንት እንደታየ ይጻፋል፤ 36 እና 40 ከሆኑ 4 ሳንቲ ሜትር ኸርኒያ አለ ማለት ነው። ቁስለት ካለ በሎስ አንጀለስ ደረጃ ከኤ እስከ ዲ ይመደባል፦ ኤ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ቢ ከዚያ የረዘመ፣ ሲ እጥፋቶችን የሚያገናኝ ግን ከዙሪያው 75 በመቶ ያልደረሰ፣ ዲ 75 በመቶና ከዚያ በላይ። ኤ ብቻውን ምንም በማያመው ሰውም ይገኛል፣ ሲ እና ዲ ግን መድኃኒቱን የማያስቆሙ ናቸው። ቀላ ያለው ሽፋን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥቶ ከሆነ ባሬት ይጠረጠራል፤ ሲ2ኤም4 ተብሎ ከተጻፈ 2 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን ሙሉ፣ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ደግሞ እንደ ምላስ ወጥቷል ማለት ነው፣ ናሙናም ተወስዶ መሆን አለበት። እነዚህ ከሌሉ ምስሎቹ ከማሽኑ ሳይጠፉ፣ እዚያው ክፍሉ በር ላይ ሆኖ «ዜድ መስመሩ በስንት ላይ ነበር ዶክተር?» ብሎ መጠየቅ ነው።